እንቁላል በእግሩ እስኪሄድ
የማስታቀፍና የማስፈልፈል ጥበብ ታሪክ፣ ከአባይ ዳር ምድጃዎች እስከ ጁባ ጓሮዎች

አማርኛ ተናጋሪው ኅብረተሰብ ትዕግሥትን ሲያስተምር ሩቅ አይሄድም፤ ወደ ዶሮ ጎጆ ይመለከታል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ምሳሌያዊ አነጋገር ሳይሰማ ያደገ ሰው የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። አነጋገሩ ዘወትር የሚጠቀሰው ለሌላ ጉዳይ ነው። ትምህርት ለጀመረ፣ ንግድ ለከፈተ፣ ቤት ለመሥራት ድንጋይ ለሚያጠራቅም ሰው ማጽናኛ ይሆናል። ቃል በቃል ሲወሰድ ግን የሚናገረው ስለ አንድ እውነተኛ ሥራ ነው፤ እግር የሌለው ነገር በ21 ቀናት ውስጥ እግር አውጥቶ የሚራመድበትን ሥራ።

ጁባ ውስጥ ይህ አነጋገር ያልጠበቀው ፈተና ይገጥመዋል። በኮኞ ኮኞና በሌሎችም ገበያዎች በሠላሳ በሠላሳ ተደርድሮ የሚሸጠው እንቁላል አብዛኛው ከኡጋንዳ ተነሥቶ፣ በኒሙሌ ድንበር አልፎ፣ በጭነት መኪና የመጣ ነው። ለምግብ ብቻ የሚመረት እንቁላል ደግሞ እንደ ደንቡ አውራ ዶሮ ከማይገባበት እርባታ ስለሚወጣ፣ የቱንም ያህል ቢታቀፉት ጫጩት አይወጣውም። ከተማይቱ እንቁላል አላት፤ በእግሩ የሚሄድ እንቁላል ግን እምብዛም የላትም። ለመሆኑ የሰው ልጅ እንቁላልን በእግሩ ማስኬድ ከማን ተማረ? ጥበቡስ ከእናቶች ጓዳ ወጥቶ ወደ ፋብሪካ የገባው እንዴት ነው? መልሱ ጁባን አቋርጦ የሚያልፈውን ወንዝ ተከትሎ ወደ ሰሜን የሚወስድ ረጅም ታሪክ አለው።

የመጀመሪያዋ መምህር

የዚህ ጥበብ የመጀመሪያዋ መምህር ራሷ ዶሮዋ ናት። የቤት ዶሮ የተገኘው ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ቀይ የዱር ዶሮ መሆኑን ሊቃውንት ይስማሙበታል። ወደ አፍሪካ ቀንድ የገባበትን ዘመን በተመለከተ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ የሆነ ጥናት ጠቃሚ ፍንጭ ሰጥቷል። በትግራይ መዝበር በተባለው ከአክሱም መንግሥት የሚቀድም ጥንታዊ መንደር የተገኘው የዶሮ አጥንት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ820 እስከ 595 ባለው ጊዜ እንደሚመደብ አጥኚዎቹ ገልጸዋል። እንግዲህ የሰሜን ኢትዮጵያ ሰዎች ከዶሮ ጋር በአንድ ግቢ መኖር ከጀመሩ ከሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመታት በላይ አልፈዋል ማለት ነው።

አንዲት የአበሻ ዶሮ የተወሰነ እንቁላል ከጣለች በኋላ ጠባይዋ ይለወጣል። ከጎጆዋ አልነሣም ትላለች፤ ላባዋን ትነፋለች፤ የቀረባትን ሁሉ በመንቁሯ ትመታለች። ይህን የሚያመጣው ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን በደሟ ውስጥ መብዛቱ ነው። የሆዷ ላባ ይረግፍና ባዶው ቆዳዋ እንቁላሉን በቀጥታ ይነካል። በቀን አንድ ጊዜ ያህል ለመብላትና ለመጠጣት ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ትነሣለች። ሽሉ ከቅርፊቱ ጋር ተጣብቆ እንዳይቀር እንቁላሎቹን በየጊዜው ታገላብጣቸዋለች፤ በዳር የነበረውን ወደ መካከል፣ በመካከል የነበረውን ወደ ዳር ትገፋለች። ሙቀት፣ ማገላበጥ፣ እርጥበትና አየር፦ ከዚያ ወዲህ የተሠራው ምድጃም ሆነ መሣሪያ ሁሉ እነዚህን አራት ነገሮች ከእርሷ ለመቅዳት የተደረገ ጥረት ነው።

የኢትዮጵያ ገጠር እናቶች ይህንኑ ተመልክተው የራሳቸውን ሥርዓት አበጅተዋል። ሰውነቷ ሰፋ ያለ፣ ከዚህ ቀደም ጫጩቶቿን በደኅና ያሳደገች ዶሮ ትመረጣለች። በሸክላ ዕቃ ወይም በቅርጫት ውስጥ የጤፍ ወይም የገብስ ጭድ ይነጠፍላታል። እንቁላሉ በጆሮ አጠገብ እየተነቀነቀ፣ በፀሐይ ብርሃንም እየታየ ይመረጣል። ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 13 የሚደርስ ይሰጣታል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ክንፏ አይበቃውምና በዳር ያለው ይበርዳል። የሚታቀፉበት ወቅትም ይመረጣል። በክረምት የተፈለፈለ ጫጩት ዝናብና ብርድ ይጎዱታል፤ በበጋ የተፈለፈለው የተሻለ ዕድል አለው። እናቲቱ መታቀፏን ትታ ወደ መጣል እንድትመለስ ሲፈለግ ደግሞ ወደ ጎረቤት ቤት መውሰድ ወይም ለጥቂት ጊዜ ቁልቁል ማንጠልጠል የተለመደ ነው።

ይህ ሥራ በአብዛኛው የሴቶች ነበር፤ ገቢውም እንዲሁ። በሬውና እህሉ በአባወራው ስም ሲጠራ፣ ዶሮዋና ጫጩቶቿ የእመቤቲቱ ነበሩ። ለፋሲካ፣ ለእንቁጣጣሽና ለገና የሚሸጠው አውራ ዶሮ ለልጆች ደብተር፣ ለጨውና ለጋዝ መግዣ ይሆን ነበር። አንዲት ሴት ከጎረቤቷ ጥቂት እንቁላል ወስዳ ከዓመት በኋላ የራሷን ሀብት ልታቆም ትችል ነበር። ማስታቀፍን ማወቅ ማለት፣ ማንንም ሳያስፈቅዱ ከምንም ተነሥቶ ጥሪት መፍጠርን ማወቅ ማለት ነበር።

የአባይ ዳር ምድጃዎች

ዶሮ ግን የምትታቀፈው ስትፈቅድ ነው፤ በአንድ ጊዜ የምታስፈለፍለውም ከደርዘን ብዙ አይርቅም። በሺህ የሚቆጠር ጫጩት የሚፈልግ ሰው ሌላ መላ ያሻዋል። ቻይናውያን የራሳቸውን ዘዴ ያበጁ ሲሆን፣ በዓለም ዝነኛ የሆነውን መላ ያገኙት ግን የታችኛው አባይ ሰዎች ናቸው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት የኖረው አሪስቶትል፣ ግብፃውያን እንቁላልን በፍግ ክምር ውስጥ ቀብረው እንደሚያስፈለፍሉ ጽፏል። ፈላስፋው የታቀፈ እንቁላል በተለያየ ዕድሜው ከፍቶ የማየትም ዝንባሌ ነበረው። በሦስተኛው ቀን ልብ እንደ ደም ነጥብ ሆና ስትመታ እንደምትታይ፣ በሃያኛው ቀን ገደማ ደግሞ ጫጩቱ ገና ቅርፊቱ ውስጥ ሳለ ድምፅ እንደሚያሰማ መዝግቧል። ከእርሱ ሦስት መቶ ዓመት በኋላ የተነሣው ዲዮዶሮስም ግብፃውያን ያለ ዶሮ፣ በራሳቸው ጥበብ ጫጩት እንደሚያወጡ አድንቆ ተናግሯል።

በኋለኞቹ ዘመናት ግብፅን የጎበኙ መንገደኞች ያዩት ነገር ከፍግ ክምር የላቀ ነበር። በጭቃ ጡብ የተሠራ ትልቅ ቤት፣ በመካከሉ ጠባብ መተላለፊያ፣ በግራና በቀኙ ደግሞ በሁለት ደርብ የተደረደሩ ትናንሽ ክፍሎች ነበሩት። በታችኛው ክፍል በሺዎች የሚቆጠሩ እንቁላሎች ይነጠፋሉ፤ በላይኛው ክፍል ኩበትና ገለባ ቀስ ብሎ ይጨሳል። ሙቀቱ ከበዛ በጣሪያው ላይ ያለው ቀዳዳ ይከፈታል፤ ካነሰ ይዘጋል። ሠራተኞቹ በየቀኑ እየገቡ እንቁላሉን በእጃቸው ያገላብጣሉ። ሽሉ ካደገ በኋላ ከራሱ ሙቀት ስለሚያወጣ እሳቱ ይቀነሳል፤ ይጠፋልም።

ከሁሉ የሚደንቀው ሙቀቱ የሚለካበት መንገድ ነው። ቴርሞሜትር አልነበረም። ባለሙያው እንቁላሉን አንሥቶ በዐይኑ ሽፋን ላይ ያሳርፈዋል፤ ቆዳው የሚነግረውን ሰምቶ እሳቱን ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ይህ ዕውቀት በመጽሐፍ አልተጻፈም። በደልታው አካባቢ እንደ በርማ ባሉ መንደሮች ሰዎች ዘንድ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፍ ነበር። ባለ ምድጃው የሚከፈለውም በዚሁ ዕውቀቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1836 ስለ ግብፃውያን አኗኗር ሰፊ መጽሐፍ ያሳተመው እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ሌን እንደመዘገበው፣ ገበሬው ሁለት እንቁላል ሰጥቶ አንድ ጫጩት ይቀበላል። በኢትዮጵያ እኩል አራሽ ምርቱን ከባለ መሬቱ ጋር እንደሚካፈለው ማለት ነው፤ ልዩነቱ ግብፃዊው ባለ ምድጃ ድርሻውን የሚያገኘው በመሬት ባለቤትነት ሳይሆን በሙያው መሆኑ ነው።

እነዚህ ምድጃዎች የጥንት ታሪክ ብቻ ሆነው አልቀሩም። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ጥናት የግብፅን ባህላዊ ማስፈልፈያዎች ዘርዝሮ መዝግቧል። በዚያን ጊዜ ብዙዎቹ በኩበት ፋንታ በጋዝ መብራት ይሞቁ ነበር።

ቁጥሩ የዐይን ሽፋንን ሲተካ

አውሮፓውያን የግብፅን ምድጃ ለመቅዳት ደጋግመው ሞክረው አልሆነላቸውም ነበር። የባለሙያውን ዐይን ሽፋን ወደ አገራቸው ይዘው ሊሄዱ አይችሉምና። ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኦሙር እ.ኤ.አ. በ1749 ባሳተመው መጽሐፉ መፍትሔውን በቁጥር ፈለገ። በስሙ የሚጠራ የሙቀት መለኪያ የሠራ ሰው ነበርና፣ በፈረስ ፍግ ውስጥ በተቀበረ በርሜል እንቁላል አስቀምጦ ሙቀቱን በቴርሞሜትር ተከታተለ። ከትውልድ ወደ ትውልድ በቆዳ ሲተላለፍ የነበረው ምስጢር በዲግሪ ተጻፈ። ዛሬ ማንኛውም ጀማሪ የሚያውቀው 37.5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የዚያ ጉዞ ፍሬ ነው።

በኢንዱስትሪው ዘመን ታሪኩ ወደ አሜሪካ ይሻገራል። ካናዳ የተወለደው ላይማን ባይስ እ.ኤ.አ. በ1879 በካሊፎርኒያዋ ፔታሉማ ከተማ ሙቀቱን ራሱ የሚቆጣጠር ማስፈልፈያ ሠራ። ከተማይቱም ብዙ ሳይቆይ የዓለም የእንቁላል ቅርጫት ተባለች። ከዚህ በኋላ አንድ የተፈጥሮ ጸጋ ለንግዱ ትልቅ አገልግሎት ሰጠ። ጫጩት ከቅርፊቱ ከመውጣቱ በፊት የቀረውን አስኳል ወደ ሆዱ ስለሚስበው፣ ያለ ምግብና ያለ ውኃ ሁለት ቀን ያህል ሊቆይ ይችላል። በዚህም ምክንያት እ.ኤ.አ. ከ1918 ጀምሮ የአሜሪካ ፖስታ ቤት የአንድ ቀን ጫጩቶችን እንደ ጥቅል ተቀብሎ ማድረስ ጀመረ። መፈልፈልና ማርባት ተለያዩ፤ አንዱ ያስፈለፍላል፣ ሌላው ይገዛል።

ለዚህ ምቾት የተከፈለ ዋጋ ነበር። የምትታቀፍ ዶሮ በታቀፈችበት ጊዜ እንቁላል አትጥልም፤ ለእንቁላል ነጋዴ ኪሳራ ናት። አርቢዎች ስለዚህ መታቀፍ የማትወደውን ዶሮ ለዘር እየመረጡ ብዙ ትውልድ አሳለፉ። ነጭ ሌግሆርን የዚህ ምርጫ ዋና ምሳሌ ናት። በዓመት የምትጥለው እንቁላል ብዙ ነው፤ ጫጩት ታቅፋ ማውጣትን ግን ትታዋለች። መሣሪያው ዶሮዋን ከረዳ በኋላ አስፈላጊነቷን አስቀረ።

መሣሪያው ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ

ይህ ለውጥ ኢትዮጵያ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው። በዓለማያና በጅማ የተከፈቱት የእርሻ ትምህርት ቤቶች ሮድ አይላንድ ሬድ፣ ኒው ሃምፕሻየር፣ አውስትራሎርፕና ነጭ ሌግሆርን የተባሉትን የውጭ ዘሮች አስገቡ። ሕዝቡም ባጭሩ «የፈረንጅ ዶሮ» ብሎ ጠራቸው። ከዚያም የግብፅዋ ፋዩሚ ተከተለች፤ የምድጃዎቹ አገር ዶሮ ወንዙን ሽቅብ ወጣች እንደ ማለት ነው። በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የሆሮን የአገር ውስጥ ዶሮ በምርጫ የማሻሻል ሥራ ተካሂዷል። እ.ኤ.አ. በ2010 የተቋቋመው ኢትዮ ቺክን በመቀሌ ሥራውን ሲጀምር አዲስ አሠራር አስለመደ። ጫጩቱ በትልቅ ማስፈልፈያ ይወጣል፤ በየአካባቢው ያሉ አሳዳጊዎች ለስድስት ሳምንት ገደማ ተንከባክበው፣ አስከትበው፣ ለገበሬው ይሸጡታል።

ጥቅሙ አይካድም። የአበሻ ዶሮ መታቀፍና ጫጩት ማሳደግ ጊዜዋን ስለሚወስድባት በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 ገደማ ነው፤ የተሻሻሉት ዘሮች ከዚህ በብዙ እጥፍ ይጥላሉ። ለሕፃናት ምግብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በጓሮ የሚፈለፈለው ጫጩትም በፈንግል በሽታ፣ በጭልፊትና በብርድ ብዙው ያልቃል። ሆኖም በሌላ በኩል አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ይቀራል። የተሻሻለችው ዶሮ ስታረጅ የምትተካው በልጇ ሳይሆን በሌላ ግዢ ነው። ቀድሞ ከጎረቤት ጥቂት እንቁላል ወስዳ ሀብት ታቆም የነበረችው ሴት፣ አሁን ገንዘብ ይዛ የሻጩን መምጣት ትጠብቃለች። መንገድ ሲዘጋ ወይም ጫጩት ሲጠፋ ቆጡ ባዶ ይሆናል። የጥንቱን የሚንቅ ዘመናዊነት «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚያሰኘው እዚህ ላይ ነው።

ጁባ፦ ሙቀት የሞላባት ከተማ

ይህ ጥያቄ ጎልቶ ከሚታይባቸው ከተሞች አንዷ ጁባ ናት። እ.ኤ.አ. ከ2005ቱ የሰላም ስምምነት በኋላ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወደዚህች ከተማ መጥተው ሆቴልና ምግብ ቤት ከፍተዋል፤ ዶሮ ወጡም ከነእንቁላሉ አብሯቸው መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 የተመረቀው 192 ኪሎ ሜትር የጁባ-ኒሙሌ የአስፋልት መንገድ የኡጋንዳን ምርት ወደ ከተማዋ አቀረበ። ነገር ግን በታኅሣሥ 2013ና በሐምሌ 2016 እ.ኤ.አ. የተቀሰቀሰው ውጊያ አንድ ነገር አስተምሯል። በአንድ መንገድ የሚመጣ ምግብ፣ በዚያው መንገድ መዘጋት ይቋረጣል።

ሙቀት ለጁባ የሚቸግር ነገር አይመስልም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024ና እንደገና በየካቲት 2025 ሙቀቱ ከመበርታቱ የተነሣ መንግሥት ትምህርት ቤቶችን ዘግቶ ነበር። ሆኖም ለእንቁላል የሚያስፈልገው ሙቀት ብዛት ሳይሆን መጠን ነው። ሽል ከ27 ዲግሪ በላይ በሆነ ክፍል ውስጥ ማደግ ይጀምራል፤ ሙቀቱ ለመፈልፈል በቂና የማያቋርጥ ካልሆነ ግን ደክሞ ይሞታል። ከ40 ዲግሪ በላይ ሲቆይም ይሞታል። ስለዚህ በጁባ በጋ በመደርደሪያ ላይ አንድ ሳምንት የሰነበተ እንቁላል ሳይታቀፍ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ለማስታቀፍ የሚጠራቀም እንቁላል እንደ ውኃ ጋን አጠገብ ባለ ቀዝቃዛና ጥላ ቦታ ተቀምጦ፣ ሳምንት ሳይሞላው ዶሮዋ ሥር ቢገባ ይመረጣል።

መሣሪያ ለመግዛት ለሚያስብ ጀማሪ ደግሞ ቁጥሮቹ እነዚህ ናቸው። ማራገቢያ ባለው ሣጥን 37.5 ዲግሪ፣ ማራገቢያ በሌለው በእንቁላሉ አናት ላይ 38.5 ዲግሪ ገደማ፤ እርጥበት እስከ 18ኛው ቀን 50 በመቶ አካባቢ፣ ከዚያ በኋላ ከ65 በመቶ በላይ። እስከ 18ኛው ቀን በየዕለቱ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ማገላበጥ ያሻል። በሰባተኛው ቀን በጨለማ ክፍል እንቁላሉን በባትሪ ብርሃን ሲያዩት፣ የደም ሥሮቹ እንደ ሸረሪት ድር ከታዩ ሽሉ ሕያው ነው፤ ጥርት ብሎ ብርሃን የሚያሳልፈው ከመጀመሪያውም ያልተራባ ነው። ከ18ኛው ቀን በኋላ ማገላበጡ ይቆማል፤ ጫጩቱ ቅርፊቱን መስበር ሲጀምርም ሣጥኑን እየከፈቱ «ልርዳው» ማለት አይገባም። እርጥበቱ ሲያመልጥ ውስጠኛው ስስ ሽፋን ደርቆ ያንቀዋል።

እነዚህን ቁጥሮች ለ21 ቀንና ሌሊት መጠበቅ ግን የማያቋርጥ ኃይል ይፈልጋል። በጁባ እ.ኤ.አ. በ2019 አዲስ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሥራ ቢጀምርም በጄኔሬተርና በፀሐይ ኃይል የሚኖረው ቤት ብዙ ነው። እዚህ ላይ የታሪኩ ትምህርት ግልጽ ይሆናል። እያንዳንዱ አገር ያስፈለፈለው ባለው ነገር ነው፤ ግብፃዊው በኩበቱና በጭቃ ጡቡ፣ ፈረንሳዊው በፈረስ ፍጉ፣ የአሜሪካው በመብራቱና በብረቱ። ነዳጅ የማትጠይቅ፣ መብራት ሲጠፋ የማትበርድ፣ የፈለፈለችውንም ራሷ የምታሳድግ ማስፈልፈያ ለሚፈልግ የጁባ ጀማሪ፣ የአካባቢው የምትታቀፍ ዶሮና አንድ አውራ ዶሮ ይበቁታል። ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው ጭድ፣ ንጹሕ ውኃ፣ ከአሞራና ከድመት የሚከልል ጎጆ፣ ለጫጩቶቹም የፈንግል ክትባት ነው። መሣሪያው ሥራው ሲሰፋ ይደርሳል።

ስንት እንቁላል ማስታቀፍ እንደሚገባ፣ የትኛዋ ዶሮ እንደምትታመንና ያልተራባውን ከተራባው እንዴት እንደሚለዩ የሚያውቁ ሰዎች ገና በሕይወት አሉ። የብዙዎቹ የጁባ ነዋሪዎች እናቶችና አክስቶች ናቸው። ወደ ጎጃም፣ ወደ ወሎ ወይም ወደ ጎንደር በሚደወል ስልክ ከጤና፣ ከአዝመራና ከገንዘብ ወሬ ቀጥሎ «እማዬ፣ ስንት ላስታቅፋት?» የሚል ጥያቄ ቢጨመር መልሱ ሳይዘገይ ይመጣል።